የማለዳው ድምፅ ለማን ይናገራል?
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በደሴ ከተማ የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ማለዳ ራዲዮ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ራሳችን ጣቢያዎች ለመናገር ነበር። ነገር ግን እኛ ስለ ራሳችን ስንናገር ወይ መመጻደቅ ወይ መካሰስ ይቀናናል። ስለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ሰው ልዋስና የእርሱን የሥራ ዘመን እየተረክሁ በመካከሉ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ እመለሳለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ሰውየው ሰር ቴሪ ዎገን ይባላል። በቢቢሲ ራዲዮ 2 ከ1972 እስከ 1984፥ ኋላም ከ1993 እስከ 2009 ድረስ የማለዳውን ዝግጅት ያቀረበ ሰው ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ እርሱና ስለ አገሩ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁ ብትሆኑ የሚያስገርም አይደለም። እኛ በልጅነታችን ከለንደን የምንሰማው በአጭር ሞገድ ለዓለም የሚሠራጨውን ዜና ነበር እንጂ እንግሊዞች ለራሳቸው ቁርስ ላይ ተቀምጠው የሚሰሙትን አልነበረም። እኔም ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። በ1997 ዓ.ም. ለሦስት ወር ሥልጠና ለንደን በሄድሁ ጊዜ፥ ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ቤት ክፍል ተከራይቼ ነበር። በመጀመሪያው ማለዳ ወደ ወጥ ቤቱ ስወርድ ሴትዮዋ ሻይ እየቀዱ ይናገራሉ። እኔን መስሎኝ «አቤት» አልሁ። እርሳቸው ግን የሚናገሩት ለእኔ ሳይሆን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ለተቀመጠችው ትንሽ ራዲዮ ነበር። ራዲዮው አንድ ነገር ይላል፤ እርሳቸው ይመልሱለታል፤ አንዳንዴም «ዝም በል አንተ ቅጥፈታም» ብለው ይስቃሉ። ከሳምንት በኋላ ደፍሬ፥ ለማይሰማዎት ሰው ለምን ይመልሱለታል ብዬ ብጠይቃቸው፥ «እያናገረኝ ዝም ልለው ነው? ነውር አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን ፊት ከተቀመጥሁ ዓመታት አልፈውኝ ነበር። አንድም ሰው መልሶልኝ ያውቅ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ዎገን እንግሊዛዊ አይደለም፤ አየርላንዳዊ ነው። የተወለደው ኦገስት 3 ቀን 1938 በሊመሪክ ከተማ ሲሆን አባቱ የአንድ የምግብ ሸቀጥ መደብር ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቤተ ሰቡ ወደ ደብሊን ከተዛወረ በኋላ ትምህርቱን እዚያው ጨርሶ ባንክ ቤት ተቀጠረ። ከባንክ ያወጣው በጋዜጣ ላይ ያየው ማስታወቂያ ነው፤ የአየርላንድ ብሔራዊ ራዲዮ አስተዋዋቂ ይፈልግ ነበር። በዚህ ዓይነት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዜና አንባቢ ሆነ፤ ቃለ መጠይቅና ዘገባ ሠራ፤ በቴሌቪዥንም የጥያቄና መልስ ውድድር መራ። ከዚያ ድምፁን በቴፕ ቀድቶ ለቢቢሲ ላከ። ሲተረክ እንደሚሰማው የላከው ቴፕ ወደ መነሻው እንኳ አልተጠቀለለም ነበር፤ የተቀበለው ኃላፊ ግን ወደ ቅርጫት ከመጣል ይልቅ ራሱ አጠንጥኖ ሰማው። እኛም ዘንድ ስንት ቴፕ ሳይጠቀለል መጥቶ ስንቱ ሳይሰማ እንደ ቀረ እያሰብሁ ይህን ታሪክ ሳስታውስ ደስም ይለኛል፤ ያሳፍረኛልም።

ሴፕቴምበር 30 ቀን 1967 ቢቢሲ ራዲዮ 1ን ሲከፍት ማለዳውን የጀመረው ቶኒ ብላክበርን ነበር። ዎገን የተሰጠው የሌሊቱ ሰዓት ነው። በ1969 ፈቃድ የወጣ ባልደረባውን ተክቶ ሠራ፤ ከዚያም የከሰዓት በኋላ ዝግጅት ተሰጠው። በኤፕሪል 1972 የራዲዮ 2ን ማለዳ ሲረከብ ዕድሜው 33 ዓመት ነበር። ማለዳውን በያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አድማጩ ወደ 8 ሚሊዮን ተጠጋ።

ምን ያደርግ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ እውነቱን ለመናገር ምንም የሚባል ነገር አያደርግም ነበር። ሸክላ ያስተዋውቃል፤ ሰዓት ይናገራል፤ ከአድማጭ የመጣውን ደብዳቤ ይከፍታል፤ በመካከሉ የሚመጣለትን ይናገራል። የተጻፈ ነገር ይዞ አይቀመጥም። ከእርሱ ቀጥሎ የሚገባው ጂሚ ያንግ ሰዓቱን ለመረከብ ሲመጣ ሁለቱ ጥቂት ደቂቃ ይቀላለዳሉ፤ ያ የመረካከቢያ ጨዋታ ከሁለቱም ዝግጅት በላይ የሚወደድበት ጊዜ ነበር። «ዳላስ» የሚባለውን የአሜሪካኖች ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በየማለዳው እያፌዘበት አገሩን ሁሉ ተመልካች አደረገው። በ1978 እርሱ ራሱ የዘፈነው ሸክላ ሳይቀር ከሽያጭ ሰንጠረዡ ገብቶ 21ኛ ሆኗል፤ ስለ አዘፋፈኑ ግን ባልናገር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል። እኔም ከለንደን ስመለስ ቀላል መስሎኝ ነበርና ሞከርሁት። አልሆነልኝም። ለምን እንዳልሆነልኝ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ስለ ዎገን ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ የታወቀው አንድ አለ። ስንት አድማጭ አለህ ተብሎ ሲጠየቅ «አንድ ብቻ» ብሎ መለሰ ይባላል። እኛ በተቃራኒው «ክቡራትና ክቡራን አድማጮቻችን» ብለን እንጀምራለን። በዚያች ሰዓት ክቡራትና ክቡራን ሆኖ የሚጠብቀን ሰው የለም። አንዷ ሙጋድ አካባቢ ከሌሊቱ ተነሥታ ዳቦ ስትጋግር ያደረች ናት፤ አንዱ ፒያሳ ታክሲውን የሚያሞቅ ሹፌር ነው፤ አንዱ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ለመተኛት የሚያዛጋ ነው። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ናቸው፤ ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ማንም የለም።

ነገር ግን በዚህ ላይ ከእንግሊዞች የሚለየን አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም ቋንቋችን ነው። በእንግሊዝኛ ለአንድ ሰው መናገር ቀላል ነው፤ «አንተ»፥ «አንቺ»፥ «እርስዎ»፥ «እናንተ» የሚባለው ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቃለላል። ዎገን ያንን አንድ ቃል ሲናገር የለንደኗ አሮጊት ለእርሳቸው ብቻ እንደተነገረ አድርገው ይወስዱታል፤ የጭነት መኪና ሹፌሩም እንደዚያው። እኔ ግን «እንዴት አደርህ?» ብል ዳቦ ጋጋሪዋን ከቤቷ አስወጥቻታለሁ። «እንዴት አደርሽ?» ብል ሹፌሩ ሌላ ጣቢያ ይፈልጋል። «እንዴት አደሩ?» ብል ሁለቱም ከኋላቸው ማን እንደ ቆመ ዘወር ብለው ያያሉ። ስለዚህ የቀረን «እንዴት አደራችሁ?» ብቻ ነው፤ ብዙ ቁጥር ነው፤ ጉባኤ ነው። በዚህ ላይ ከወጣት ባልደረቦቼ ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክሬአለሁ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ችግሩን በ«አንተ» ለመፍታት ይሞክራሉ፤ በደሴ ማለዳ ግን አያት የሚሆኑ ሰዎች ይሰማሉና «አንተ» ቅርበት ሳይሆን ንቀት ይሆንባቸዋል።

በእኔ ግምት መፍትሔው ከሰዋስው አይመጣም፤ ከሐሳብ ይመጣል። አፋችን «እናንተ» ቢልም ዓይናችን አንድ ሰው ማየት አለበት። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ይህ በአማርኛ የሚቻል መሆኑን ያውቃል። ወጋየሁ ለማንም ሰላምታ አይሰጥም፤ ማንንም አንተ ወይም አንቺ አይልም፤ ግን እያንዳንዱ ሰሚ ለእኔ ነው የሚተርክልኝ ብሎ ነበር የሚያዳምጠው። በቅርቡ ዘመንም ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. በመዓዛ ብሩና በባልደረቦቿ ሲጀመር፥ ከመግለጫ ይልቅ ጨዋታን የራዲዮ ወግ አድርጎ ማምጣቱ ምን ያህል ጆሮ እንደ ሳበ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጨዋታ ደግሞ ለእኛ ለወሎዎች ከውጭ አገር የምናስመጣው ዕቃ አይደለም።

ስለ ድምፅ ከተነሣ አይቀር፥ ስለ አነጋገር ዘዬም አንድ ነገር ልበል። ወጣት ሳለሁ አንድ አለቃዬ «ይህን የወሎ ለዛህን ጠርገህ አውጣው» ብሎኝ ነበር። ለብዙ ዓመታት ጠረግሁት፤ ብዙም አልተሳካልኝም። ዎገን ግን የሊመሪክ ዘዬውን በእንግሊዝ አገር ማለዳ ላይ እንዳለ አቆየው። ይህ በተራ ቀን ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን ኖቬምበር 21 ቀን 1974 በበርሚንግሃም ከተማ በሁለት መጠጥ ቤቶች ውስጥ የተጠመዱ ቦምቦች ፈንድተው 21 ሰዎች ሞቱ። ድርጊቱ የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር ሥራ እንደሆነ ይታመን ስለነበር በእንግሊዝ አገር የአየርላንድ ዘዬ ያለው ሰው ሁሉ አፉን ለመክፈት የሚፈራበት ጊዜ መጣ። በእነዚያ ዓመታት በእንግሊዞች ወጥ ቤት ውስጥ በየማለዳው በአየርላንድ ዘዬ «ደህና አደራችሁ» የሚል ሰው ነበር። ወንበሩን አልለቀቀም፤ ዘዬውንም አልለወጠም፤ አድማጩም አልሸሸውም። ስለ ሰውየው ከማውቀው ሁሉ የማከብረው ይህን ነው። በቀልድ ብቻ የተገኘ ዝና ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ማለዳ አያሻግርም ነበር።

ወደ ሥራ ዘመኑ ልመለስ። ዝና ሲበዛ ቴሌቪዥን ይጠራል። ከ1979 እስከ 1983 የቴሌቪዥን የጨዋታ ውድድር መራ፤ ከ1980 እስከ 2008 የአውሮፓን የዘፈን ውድድር ለእንግሊዝ ተመልካች እያፌዘ አስተላለፈ፤ ለሕፃናት መርጃ ገንዘብ የሚሰበሰብበትን የቢቢሲ ዓመታዊ ዝግጅትም ከ1980 ጀምሮ ይዞ ቆየ። በዲሴምበር 1984 ማለዳውን ትቶ በሳምንት ሦስት ምሽት በሚተላለፈው የራሱ የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀመጠ። እስከ 1992 ሠራ፤ ከዚያ ዝግጅቱ ቀረና በምትኩ አዲስ ተከታታይ ድራማ ተተካ። ሰው ሁሉ አበቃለት አለ። በ1993 መጀመሪያ ግን ወደዚያው ወደ ማለዳ ራዲዮ ተመለሰ፤ ያ ሁለተኛው ዘመን ከመጀመሪያው የረዘመና፥ እንደ እኔ እምነት፥ የበለጠም ነበር። በቴሌቪዥን ብዙ ሰው እያየው ይናገር ነበር፤ በራዲዮ እንደገና አንድ ሰው አገኘ።

በዚህ ላይ የሌላ ሰው ታሪክ ባነጻጽር አይከፋም። ክሪስ ኤቫንስ የሚባለው ወጣት አቅራቢ በ1990ዎቹ የራዲዮ 1 ማለዳ እሳት ነበር። በ1997 መጀመሪያ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ይሰጠኝ አለ፤ ቢቢሲ እምቢ ሲለው ሥራውን ትቶ ሄደ። ሥራው አድካሚ መሆኑን ማንኛችንም አንክድም፤ በሌሊት ተነሥቶ በጉም ውስጥ ከሆጤ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል። ግን የለንደኗ አከራዬ ዓርብ ቁርስ አይበሉም? የማለዳ ሰው ዋና ሥራው መናገር ሳይሆን መገኘት ነው። ኤቫንስም ኋላ ይህን የተረዳው ይመስለኛል፤ በ2010 የዎገንን ወንበር የተረከበው እርሱ ነውና።

በሁለተኛው ዘመን አድማጮቹ ከእርሱ ጋር አርጅተው ነበር። እርሱም አላፈረባቸውም፤ እንዲያውም «የቴሪ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች» ብለው ራሳቸውን ማኅበርተኛ አደረጉ። በየማለዳው ደብዳቤ፥ ኋላም በኮምፒውተር መልእክት ይልኩለታል፤ በቀልድ የተፈጠረ የብዕር ስም ይለጥፉበታል። በዚያ ዝግጅት ውስጥ ይሰማ ከነበረው ቀልድ ብዙው የእርሱ ሳይሆን የእነርሱ ነበር። የእርሱ ድርሻ ማንበብ፥ በሳቅ መታፈንና ዜና አንባቢውን ጆን ማርሽን አብሮ ማሳቅ ነበር። ማርሽ ሳቁን መቆጣጠር ሲያቅተው የአገሩ ግማሽ ሻዩን ይደፋ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከእነዚያ ተረቶች የተቀዱት ሸክላዎች ተሽጠው ገንዘቡ ለሕፃናቱ መርጃ ይሰጥ ነበር። ሁሉም ግን ፅድቅ ብቻ አልነበረም፤ በ2006 ደመወዙ በዓመት 800 ሺህ ፓውንድ መሆኑ ሾልኮ በጋዜጣ ሲወጣ ብዙዎች ተንጫጭተዋል። ይህን ቁጥር በዚህ አዳራሽ ውስጥ መናገሬ ጭካኔ እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ።

በእኛ አገር ያ ደብዳቤ የስልክ ጥሪ ነው። እዚህ ላይ ወደ ክርክራችን እንገባለን። በማለዳ ዝግጅታችን የሚደውሉ እናቶችና አባቶች እንደ ወሎ ወግ በሰላምታ ይጀምራሉ፤ ቤተ ሰቡን፥ ከብቱን፥ ዝናሙን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ጉዳያቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ ከዚያ ይመርቃሉ። ምርቃቱ ከጉዳዩ ይረዝማል። አዘጋጁ በመስታወቱ ውስጥ እጁን እያወናጨፈ «ቁረጥ» ይለኛል። እኔም ለብዙ ዓመታት ስቈርጥ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ደውለው ስለ ውሃ መጥፋት ተናግረው ሲያበቁ «አላህ ይጠብቅህ፥ ድምፅህን አያጥፋው፥ ልጅህን...» እያሉ ሳለ መስመሩን ዘጋሁት። ቀጥሎ የደወለው ሽማግሌ «ምነው ልጄ፥ ምርቃት ይቆረጣል እንዴ?» አለኝ። በአየር ላይ ነው ያለኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ስለ ውሃ መጥፋቱ ከማስታወቂያ ክፍሉ ማግኘት ይቻላል። ያንን ምርቃት ግን ሌላ ማንም ሊሰጠን አይችልም፤ የማለዳውም ዝግጅት ራሱ እርሱ ነው። እርግጥ ነው፥ አንድ ጊዜ ሳልቈርጥ ትቼ አንድ አባት አሥር ደቂቃ መርቀው የሰዓቱ ዜና ዘግይቷል፤ ደብዳቤም ተጽፎብኛል። ዎገንም ቢሆን የመጣለትን ሁሉ አያነብም ነበር፤ ይመርጥ ነበር። ልዩነቱ ከአድማጭ አንደበት የሚወጣውን እንደ ትርፍ አለመቁጠሩ ነው።

ይህ እንግዲህ ወደ ትልቁ ጥያቄ ያመጣናል፤ በደሴ የደሴ ማለዳ ለምን ያስፈልጋል? የአዲስ አበባው ዝግጅት በሞባይል ስልክ ሁሉ በሚሰማበት ጊዜ፥ አንዳንድ ባልደረቦች «የእኛ ማለዳ የዚያ ቅጂ ሆኖ ቢቀር ወጪ ይቀንሳል» ሲሉ ሰምቻለሁ። መልሴን በሐረጎ መንገድ ላስረዳ። ደሴ በጦሳ ሥር ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ ከ1,900 ሜትር በታች ናት። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ተራራ ሲጋርደው ይደክማል። በዚያ ጠመዝማዛ ስትወርዱ ድምፁ በአንዱ መታጠፊያ ይጠፋል፥ በሌላው ይመለሳል። ደሴ ጉም ለብሳ ካፖርት ስትፈልግ ኮምቦልቻ በቦርከና ዳር ፀሐይ ላይ ናት። የአንዱን ከተማ የአየር ጠባይ ለሌላው መንገር ስሕተት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ የሚሰማበትን አገር ለማወቅ፥ ረመዳን ላይ ሱሑር የበላውንና ሁዳዴ የሚጾመውን በአንድ ቃል እንዴት እንደሚሰላመቱት ለማወቅ፥ በዚያው ማደር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው ባልደረባችን ጎበዝ ነው፤ ግን እዚህ አላደረም።

ማደር ስል ቃሉን በቀላሉ የተጠቀምሁበት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ተሰዳችሁ ነበር፤ አንዳንዶቻችን ቀረን። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ። የእኛም ማለዳ ዝም አለ። ጎረቤቴ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ራዲዮ ነበረቻቸው። ድንጋዩ እንዳያልቅ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ትከፈታለች። በየንጋቱ አምስት ስድስት ሰዎች በእርሳቸው ግቢ እንሰበሰባለን፤ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ እንሰማለን። ዜናው ስለ እኛ ነበር፤ ግን ለእኛ አልነበረም። ስለ ከተማችን ለሌላ ሰው ሲነገር እየሰማን እኛ በከተማዋ ውስጥ ተቀምጠናል። አንዲት ወጣት «እዚህ መኖራችንን የሚያውቅ የለም ማለት ነው?» አለች። በሥራ ዘመኔ ስለ ራዲዮ የሰማሁት ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የጠየቀችው ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ አልነበረም።

ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ በመንግሥት እጅ መመለሳቸው ተነገረ። ጣቢያችን እንደገና ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ማለዳ ተረኛ እኔ ነበርሁ። አዘጋጁ መግለጫ ጽፎልኛል። ማይክሮፎኑ ሲከፈት «እንዴት አደራችሁ?» አልሁና ቆምሁ። ይህን ቃል ከሺህ ጊዜ በላይ ብዬዋለሁ፤ ጥያቄ መሆኑን ግን ያን ቀን አወቅሁ። ማን እንዳደረ፥ ማን እንዳላደረ አላውቅም። ያንን ወረቀት ትቼ፥ እኔ ራሴ በእነዚያ ሳምንታት የት እንዳደርሁና ምን እንደበላሁ ተናገርሁ። ከዚያ ስልኩን ከፈትሁ። ከደወሉት ሰዎች አብዛኞቹ አቤቱታ አልነበራቸውም፤ «እኔም እዚህ ነበርሁ» ለማለት ብቻ ነው የደወሉት። አንድ የኮምቦልቻ ሰው «አብሽሩ» ብሎ ዘጋ። ማንንም አልቈረጥሁም፤ የሰዓቱ ዜናም ዘገየ።

ዎገን የማለዳ ዝግጅቱን ያበቃው ዲሴምበር 18 ቀን 2009 ነው። ዕድሜው 71 ደርሶ ነበር፤ አድማጩ ግን አሁንም 8 ሚሊዮን ያህል ነበር። አድማጮቹን ጓደኞቼ ስለሆናችሁ አመሰግናለሁ ብሎ ተሰናበተ። ከዚያ እሑድ እሑድ ጥቂት ዓመት ሠራ፤ የመጨረሻው ዝግጅት በኖቬምበር 2015 ተሰማ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2016 በካንሰር በሽታ በ77 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት የራዲዮ 2 ሕንጻ በስሙ ተሰየመ። ለለንደኗ አከራዬ በዚያን ጊዜ ደብዳቤ ጽፌላቸው ነበር፤ መልስ አልመጣም፤ እርሳቸውም በሕይወት አልነበሩ ይሆናል።

እኔም በዚህ ዓመት ማለዳውን አስረክባለሁ። የሚረከቡኝ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ናቸው፤ «ናቸው» ማለቴን ስትሰማ ትስቃለች፤ እዚህ መካከላችሁ ተቀምጣለች። ባለፈው ሳምንት ምን ብዬ ልጀምር ብላ ጠየቀችኝ። ከመስኮቱ ውጪ ጦሳን አይተሽ ጉሙ የት እንደደረሰ ንገሪያቸው አልኋት። «ጋሼ፥ ኮምቦልቻ ላሉት ጉሙ ምን ያደርግላቸዋል?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ይህን በሃያ ዓመት ውስጥ አላሰብሁትም ነበር። እንግዲህ እርሷ የምትጀምረው ከቦርከና ዳር ሆና ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ ካላችሁ በምሳ ሰዓት እመልሳለሁ። ከምሳ በኋላ ግን እንድትለቁኝ አስቀድሜ እለምናለሁ፤ ነገ በ12 ሰዓት ተረኛው አሁንም እኔ ነኝና በጊዜ መተኛት አለብኝ።